ሜዳ ወይስ ከተማ፦ የስትራቴጂ ጨዋታዎች በይፋት ጦርነቶች ሲመዘኑ

ጦርነትን የሚያስመስል ጨዋታ የሚነድፍ ሰው አስቀድሞ የሚወስነው ነገር ጦርነቱ የት እንደሚያልቅ ነው። ሁለት መንገድ አለ። በአንደኛው ሁለት ጦር ሜዳ ላይ ይገጥማል፤ የአንዱ ወገን ይፈታል፣ መሪው ይሞታል ወይም ይማረካል፣ አገሩም ለአሸናፊው ይገባል። በሁለተኛው ጦር ከተማ ይከብባል፣ ቅጥር ያፈርሳል፣ ይገባል፤ አገር የከተሞቹ ድምር ስለሆነ የመጨረሻዋ ከተማ ስትያዝ ጨዋታው አበቃ። ከ30 ዓመት ወዲህ ስም ያወጡት የኮምፒውተር ጨዋታዎች በአብዛኛው ወደ ሁለተኛው ያደላሉ። የኢትዮጵያ የጦር ታሪክ ግን፣ በተለይ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የተዘረጋው የይፋት ቆላና ከበላዩ ያለው ደጋ ያዩት ታሪክ፣ ለመጀመሪያው ይመሰክራል። ጨዋታዎቹ የት ላይ እንደሚሳሳቱ ለማየት ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የከተማው ስሌት አባት እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሲድ ማየር «ሲቪላይዜሽን» ነው። በዚህ ጨዋታ ከተማ ሁሉ ነገር ነው፤ እህል የሚሰበስበው፣ ወታደር የሚያወጣው፣ ዕውቀት የሚያመነጨው እሱ ነው። ሜዳ ላይ ጦሩ ያለቀበት ተጫዋች ከተሞቹ እስካልተነኩ ድረስ በጥቂት ዙር ሌላ ጦር ያሰልፋል። በአምስተኛውና በስድስተኛው እትም በጦር ኃይል ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው የባላንጣዎቹን ሁሉ የመጀመሪያ መናገሻ ከተማ መያዝ አለበት። ኢትዮጵያ በሁለቱም እትሞች አለች። በአምስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በመጣው ተጨማሪ ክፍል፣ መሪዋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከእሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው ጠላት ጋር ስትዋጋ ሠራዊቷ 20 በመቶ ብርታት ያገኛል፤ ይህም «የዓድዋ መንፈስ» ይባላል። በስድስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ መሪው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ ወታደሮቻቸው ኮረብታ ላይ ሲዋጉ ብርታታቸው ይጨምራል።

ነዳፊዎቹ ዓድዋን ማክበራቸው ደስ ይላል። ዓድዋ ራሷ ግን በሕጋቸው አትገባም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጣሊያን የተሸነፈችው ጦሯ ሜዳ ላይ ስለፈረሰ ነው፤ አንድም የጣሊያን ከተማ አልተያዘም፣ ሮም ድረስ የሄደ ኢትዮጵያዊ ወታደርም የለም። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል ተፈረመ፣ ጦርነቱ ተዘጋ። በ«ሲቪላይዜሽን» ሕግ ቢሆን ኖሮ ጣሊያን ከብርጌዶቿ ጥቂቱን አጥታ በሚቀጥለው ዙር ሌላ ትልክ ነበር። በአንድ ቀን ውጊያ የአንድ መንግሥት ፍላጎት ሊሰበር እንደሚችል የሚቆጥር መስመር በስሌቱ ውስጥ የለም።

ሌሎቹ ጨዋታዎች በመካከል ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» የጦርነቱን ውጤት እስከ 100 በሚደርስ ነጥብ ይለካል፤ ከሜዳ ውጊያ የሚገኘው ቢበዛ 40 ነው፣ ሌላው አውራጃና ምሽግ በመያዝ ይሞላል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በተለመደው አጨዋወቱ የጠላትን ሰውም ሕንፃም ማጥፋት ይጠይቃል፤ ንጉሥ በሚሰለፍበት ሌላው አጨዋወቱ ግን ንጉሡ ሲሞት ሁሉ ነገር ያበቃል። በ«ክሩሴደር ኪንግስ» ደግሞ የባላንጣውን መሪ በውጊያ የማረከ ሰው ጦርነቱን እዚያው ያሸንፋል። ለይፋት ታሪክ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ነው።

ከጣርማ በር ወደ ምሥራቅ ሲታይ ምድሩ በድንገት ይወርዳል። በሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከደብረ ሲና አልፎ ቁልቁል የሚሄደው መንገድ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ላይ ገብስና ብርድ፣ ታች ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ሙቀት። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ከዚያ ገደል ወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳሉ። ከዘይላ ወደብ የሚነሣው የቅፍለት መንገድ በረሃውን አቋርጦ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ ግርጌ ስለነበር፣ ግርጌውን የያዘ ጨውን፣ ጨርቁንና ፈረሱን ይይዛል። በ1277 ዓ.ም. ገደማ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ገልብጦ የይፋትን ሱልጣኔት ያጠናከረው በዚሁ ምድር ላይ ነው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐረብ ጸሐፊ አል ዑመሪ የይፋትን ጦር 15,000 ፈረሰኛና 20,000 እግረኛ ይለዋል።

ከተማ አልነበረም ማለት አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች በዚህ ግርጌ ኖራ፣ አስባሪ፣ መሳል፣ ራሳ ጉባና አውፋት የተባሉ የድንጋይ ከተሞችን ፍርስራሽ አጥንተዋል፤ መስጊዶች፣ መቃብሮች፣ የቤት ግድግዳዎችና የእርከን ማሳዎች ተገኝተዋል። ጉዳዩን አስደናቂ የሚያደርገውም ይህ ነው። ከተሞቹ ነበሩ፣ ጦርነቱ ግን በእነሱ በር ላይ አልተወሰነም።

በ1324 ዓ.ም. የይፋቱ ሰብረዲን በዐፄ ዐምደ ጽዮን ላይ ተነሣ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ በንጉሡ መናገሻ በመራዴ ተቀምጦ ጫት እንደሚተክልባት ፎክሮ ነበር። የተሳለው ግብ የከተማ ግብ ነው፤ የጠላትን መቀመጫ መያዝ፣ የራስን ተክል መትከል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ዐምደ ጽዮን ድንኳኑን እያነሣ ወደ ቆላው ወረደ፣ ታሞ በተኛበት ሰፈር ተከብቦ ተዋጋ፣ የባላንጣውን አጋሮች አንድ በአንድ መታ። ሰብረዲን እጁን ሰጠ፤ ወንድሙ ጀማለዲን ተሾመ። ብዙም ሳይቆይ እሱም ከዳ፤ ሹመቱ ወደ ሌላው ወንድም፣ ወደ ናስረዲን ዞረ። በዚህ ዘመቻ ንጉሡ የማረከው የሰዎችን ታዛዥነት ነበር፤ እሱም በቀላሉ ይመጣል፣ በቀላሉ ይሄዳል። ጨዋታ ይህን ለመቅረጽ ከፈለገ በካርታው ላይ ከከተማ ስም ይልቅ የባላባት ስም መጻፍ ይኖርበታል።

ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ስንቅ ነው። የድሮው የኢትዮጵያ ጦር የመንግሥት ጎተራ ተከትሎት አይሄድም ነበር። ወታደሩ የራሱን በሶና ቆሎ ይዞ፣ ሚስቱና አሽከሩ አህያ እየነዱ ይከተሉታል፤ ያ ሲያልቅ የሚበላው ያለበት አገር ገበሬ የዘራውን ነው። አንድ ቦታ የተቀመጠ ብዙ ጦር በሳምንታት ውስጥ ዙሪያውን ባዶ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለወራት ከበባ አይችልም። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ወንዙ ይሞላል፣ ወታደሩም ማሳውን ያስባል። የታኅሣሥና የጥር አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ እስከ ዝናቡ ድረስ ባለው ጊዜ ውጊያ መፈለግ ግድ ነበር። በዓድዋ ዋዜማ ሁለቱም ጦሮች ስንቃቸው እየተሟጠጠ ነበር፤ ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ ፊት የተንቀሳቀሰው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ምክንያት መናገሻው ራሱ ተንቀሳቃሽ መሆኑ ነው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ያየው ቤተ መንግሥት የድንኳን ከተማ ነበር፤ በቀኝ ማን እንደሚተክል፣ በግራ ማን እንደሚያድር፣ ገበያው የት እንደሚቆም የታወቀ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ከ10 ዓመት በላይ መቀመጣቸው በጊዜው ያልተለመደ ነበር። ግምብ የሌለው፣ በአንድ ቀን ተነቅሎ የሚሄድ መናገሻ አይከበብም። የመንግሥቱ ሹመቶችም የሰልፍ ቦታዎች ነበሩ፦ ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ። ስለዚህ ያ ሰልፍ ሲፈርስ አስተዳደሩም አብሮ ይፈርሳል። በከተማ ላይ ለተመሠረተ ጨዋታ ጦር ከመንግሥት የተለየ መሣሪያ ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱ አንድ ነበሩ።

ሆኖም የሜዳ ድል ሁሉ ቆራጥ ነው ማለት ሌላ ስሕተት ይሆናል። መጋቢት 1521 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብራሂም የልብነ ድንግልን ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ ገጠመ። ድሉ የኢማሙ ነበር፤ በሁለቱም በኩል የወደቀው ሰው ግን ብዙ ነበር። በጨዋታ ቢሆን ተጫዋቹ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይገፋል። የኢማሙ ወታደሮች ግን ምርኮአቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው መመለስ ፈለጉ፤ ኢማሙ ወደ ሐረር ተመልሶ ጦሩን እንደገና ለማደራጀት ሁለት ዓመት ወሰደበት። በ1523 ዓ.ም. ሲመለስ መድፍ ይዞ ነበር። ከይፋት በስተ ሰሜን ባለችው አንጾኪያ የንጉሡን ጦር ለሁለተኛ ጊዜ ሰበረ፤ በጥቅምት 1524 ዓ.ም. ደግሞ አምባሰል አጠገብ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ደጋው ተከፈተለት፤ ባላባቱ እየገባ፣ ገዳማቱ እየተቃጠሉ አገሩ ከእጅ ወጣ። ሦስት የሜዳ ድል አንድ መንግሥት አንገዳገደ።

አንድ ነገር ግን አልተበገረም፤ አምባው። የነገሥታቱ ልጆችና ሀብት የሚጠበቁበት ግሸን በ1524 እና በ1525 ዓ.ም. ተሞክሮ አልተያዘም፤ የተያዘው በሦስተኛው ሙከራ፣ በ1532 ዓ.ም. ነው። ልብነ ድንግልም ከአምባ ወደ አምባ እየተሰደደ በ1533 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ዳሞ ላይ ሞተ እንጂ አልተማረከም። በእጁ ከተማ አልቀረም፣ ጦር የሚባልም ጥቂት ነበር፤ ጦርነቱ ግን አላለቀም፣ ምክንያቱም ንጉሥ የሚባል ሰው፣ እሱ ከሞተም በኋላ ተተኪው፣ በሕይወት ነበርና። የካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ውጊያ ኢማም አሕመድ በጥይት ሲወድቅ ጦሩ ተፈታ። ከ10 ዓመት በላይ የተገነባው በአንድ ቀን ተበተነ። ንጉሡ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ጦርነቱን ቀጠለ፣ ኢማሙ ግን ወይና ደጋ ላይ ሲሸነፍ አጣው፤ ልዩነቱ መሪው ከሜዳው መውጣት አለመውጣቱ ነው። መሪው ሲሸነፍ የሚያመልጥበትን ዕድል የማያሰላ ጨዋታ ይህን ጦርነት ፈጽሞ ሊያሳይ አይችልም።

የሜዳ ውጊያን በቁጥር ለመቅረጽ ነዳፊዎች የሚነሡት ብዙውን ጊዜ ከእንግሊዛዊው መሐንዲስ ከፍሬድሪክ ላንቸስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ሕግ አቀረበ። ሰው ለሰው በጦርና በጎራዴ ሲገጥም ኪሳራው አንድ ለአንድ ነው፤ 1,000 ሰው 700 ሰው ቢገጥም 700ው ከ700 ተጠፋፍቶ 300 ይተርፋል። ጠመንጃ ሲሆን ግን ብዙ ሰው በአንድ ዒላማ ላይ መተኮስ ስለሚችል ብርታት የሚለካው ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ 1,000,000 ሲቀነስ 490,000 ይሆናል 510,000፣ የዚህ ስኩዌር ሥር 714 ገደማ ነው። በዚያው ውጊያ ከ300 ፈንታ 714 ይተርፋል ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ተኩስ እየበዛ በሄደ መጠን በቁጥር የበለጠ ጦር ማሰባሰብ ይበልጥ ይከፍላል፣ የሜዳ ድልም ይበልጥ የተጠናቀቀ ይሆናል። ጉድለቱ ሁለቱም ሕጎች እስከ መጨረሻው ሰው የሚዋጋ ጦር መገመታቸው ነው። እንዲህ ያለ ጦር ብርቅ ነው። ወይና ደጋ ላይ ጦሩን የፈታው የሞተው ሰው ብዛት ሳይሆን የአንድ ሰው መሞት ነበር።

ኢትዮጵያውያን የራሳቸው የጦርነት ጨዋታ ነበራቸው፤ ሰንጠረዥ። የቬኒሱ ሰዓሊ ሂሮኒሞ ቢቺኒ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደነበር ተመዝግቧል። ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው በቀይ ጨርቅ ላይ በተሰፋ ጥቁር መስመር ነው፤ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው መክፈቻው ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ላይ፣ የቻሉትን ያህል ፈጥነው ያንቀሳቅሳሉ፤ የአንዱ እጅ መደቅ ሲገፋ የሌላው ፈረሱን ያዞራል፣ ያኛውን ያየ ይህኛውን ይመልሳል፤ ከቦ የሚያየውም ሰው አስተያየቱን ይሰነዝራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። ይህ ሕግ ከብዙ የኮምፒውተር ጨዋታ ይልቅ እውነተኛ ዘመቻን ይመስላል። ሁለት ጦር ሳይገጥም አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ቦታ ይመርጣል፣ የውጊያው ግማሽ ዕድል የሚወሰነውም እዚያ ነው። በሰንጠረዥ የሚያዝ ከተማ የለም፤ የሚያዘው ንጉሥ ነው።

ቅጥር ያላት ከተማ ስትመጣስ? ሐረር ለዚህ ትመሰክራለች። ልብነ ድንግልን በተካው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የንጉሡ የጦር መሪ ሐመልማል ወደ ሐረር ዘምቶ የወላስማን የመጨረሻ ሱልጣን በረከትን ገደለ። አሚር ኑር ግን መጋቢት 1551 ዓ.ም. ፈጠጋር ሜዳ ላይ ገላውዴዎስን ራሱን ገደለ፤ ከተማ የተመታበት ወገን የንጉሡን ሕይወት ወሰደ። ጀጎል የተባለውን ቅጥር ሠርቶ ሐረርን ያጠነከረም ኑር ነው ይባላል። ከ300 ዓመት በላይ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ አሚር አብዱላሂ የንጉሥ ምኒልክን ጦር ከጀጎል ውስጥ ሆኖ አልጠበቀም። ወጥቶ ጨለንቆ ላይ ገጠመ። ውጊያው አጭር ነበር፤ ሐረርም ያለ ከበባ ተያዘች። በ1860 ዓ.ም. መቅደላም እንዲሁ ናት፦ አምባዋ የተያዘችው ሚያዝያ 6 ቀን ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር የተሰበረው ግን ከ3 ቀን በፊት አሮጌ ሜዳ ላይ ነበር።

የይፋት ምድር ተቃራኒውን ያየው በ1928 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ፤ ማርሻል ባዶሊዮ ደሴ ገብቶ ከዚያ ወደ 1,700 የሚጠጉ መኪናዎችን ወደ አዲስ አበባ አሰለፈ። ሰልፉ የይፋትን ቆላ አቋርጦ ጣርማ በር ግርጌ ሲደርስ ቆመ። መንገዱ በፈንጂ ተሰብሮ ነበር። ወታደሩ አካፋና ዶማ ይዞ ድንጋይ ሲሞላ፣ መኪናው ከኋላ እስከ ቆላው ተደርድሮ ሲጠብቅ ሁለት ቀን ያህል አለፈ። በበሩ ላይ ትልቅ ውጊያ አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። በከተማው ስሌት ጨዋታው እዚህ ያልቃል፤ በሜዳው ስሌትም ማይጨው ላይ አልቆ ነበር። ሁለቱም ስሌቶች ተሳስተዋል። በመንዝ፣ በተጉለትና በይፋት አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች ጦርነቱን ለ5 ዓመት ቀጠሉት። ጣሊያን መንገዱንና የመንገድ ዳር ከተሞችን ያዘ እንጂ በየገደሉ ያለው ገበሬ እህሉን የሚሰጠው ለአርበኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በቮልኮ ሩንኬ የተነደፈው የሰሌዳ ጨዋታ «አንዲያን አቢስ» ይህን በጥሩ ሁኔታ ለይቶታል፤ አንድን ቦታ በወታደር መያዝና የነዋሪውን ድጋፍ ማግኘት በሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ይቆጠራሉ። እንዲህ ያለው ጨዋታ ለይፋት ቢሠራ መልካም ነው።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚሁ መንገድ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ከተማዋ በቀናት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። ጨዋታዎች እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ቁጥር መቀነስ ያልፉታል። ያ ቁጥር የተሰደደ ቤተሰብ፣ የተዘረፈ ሱቅና ያልተሰበሰበ ማሽላ ነው፤ ነዳፊ ይህን ሕግ ሲጽፍ ለምን እንደሚጽፈው ማወቅ ይገባዋል።

እንግዲህ በይፋት ላይ የሚሠራ ጨዋታ ካርታው ደጋ፣ ገደልና ቆላ የተባሉ ሦስት ደረጃዎች ይኖሩታል፤ በደረጃዎቹ መካከል የሚያሻግሩት እንደ ጣርማ በር ያሉ ጥቂት በሮች ብቻ ናቸው። ጦር ስንቁን በየወሩ ካለበት ቦታ ይበላል፤ የተበላ ቦታ እስከ ሌላ አዝመራ አይሞላም። ክረምት ሲገባ ከባላባቶቹ አንዳንዱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከውጊያ በኋላ የሚቆጠረው የሞተ ሰው ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ባላባት ለማን እንደሚገባ እንደገና ይወሰናል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት የሚለምነውን መልሶ መሾም ወይም መሻር የአሸናፊው ምርጫ ነው፤ የሾሙት የመክዳት ዕድል አለው፣ የሻሩት ቤተሰብ ደግሞ ቂም ይይዛል። አምባ ጦር አያወጣም፤ ሸሽቶ የገባበትን መሪ ግን በሕይወት ያቆያል። ከተማ ነጥብ የሚሰጠው ቅፍለቱ ሲያልፍበት ብቻ ነው።

ሕጉ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በታወቁ ጦርነቶች ሲፈተን ነው። የ1521ዱ ዘመቻ በጨዋታው ሲደገም ከሽምብራ ኩሬ ማግሥት ደጋው በሙሉ ከወደቀ፣ ጦር ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሕግ ላልቷል ማለት ነው። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ቶራ መስክ ላይ የአዲስ አበባውን ወገን ራስ ልዑልሰገድን አሸንፈው ገደሉ፤ ከ8 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ የአዲስ አበባው ወገን ከተማውን ተቀምጦ አልጠበቀም፣ ወጥቶ ሜዳ ላይ ገጠመ። ጨዋታው የመጀመሪያውን ድል ለንጉሡ በቂ ካደረገው፣ ወይም የአዲስ አበባውን ተጫዋች ከተማ ውስጥ መቆየት የሚያዋጣው ካደረገ፣ ለሁለተኛ ጦር መሰብሰቢያ የተሰጠው ጊዜ አጥሯል፣ ወይም ለከተማ የተሰጠው ነጥብ በዝቷል። የ1928ቱ ሲደገም ደግሞ ሚያዝያ 27 ላይ ጨዋታው ራሱን ከዘጋ፣ በመንዝና በይፋት ገደል ያለው ሰው በካርታው ላይ አልተሣለም።